አርባ አንድ ቁጥር በወረቀት ሞተ

ጥቅምት 4

ይህ ደብተር የሒሳብ ደብተር ነበር። መምህሩ ዛሬ ገለጥ ገለጥ አድርጎ አይቶት፣ «አንቺ ልጅ፣ ይሄንን ደብተር ለሌላ ነገር ብታውይው ይሻላል» አለኝ። ምክር ሰሚ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ ለሐሜት አውዬዋለሁ።

ከቤታችን ልጀምር። አባዬ የፎጣ ፋብሪካው ሪፖርት ጸሐፊ ነው። ወር በገባ በአራተኛው ቀን ያለፈውን ወር ምርት ለዋናው መሥሪያ ቤት ይልካል። ፋብሪካው ስድሳ የሽመና ማሽን አለው። አንድ ጤነኛ ማሽን በወር አንድ ሺህ ፎጣ ይሠራል፤ ስለዚህ «የማምረት አቅማችን ስድሳ ሺህ ነው» ይባላል። ይባላል እንጂ አሥራ ሰባቱ መለዋወጫ አጥተው ከሞቱ ዓመታት ሆኗቸዋል፤ ሌሎች ጥቂቶች ደግሞ ግማሽ ቀን ሠርተው ግማሽ ቀን ያስላሉ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። የመስከረም ምርት ሠላሳ ሰባት ሺህ፣ ከአቅም ስድሳ ሁለት በመቶ።

ግራፉን የምሥለው እኔ ነኝ፤ የአባዬ እጅ ማስመሪያ ላይ ይንቀጠቀጣል። ዛሬም መስመሩን ቁልቁል ስስበው ከኋላዬ ቆሞ ተነፈሰ።

«ትንሽ ለስለስ አድርጊው።»

«መውደቅ እንዴት ነው የሚለሰልሰው አባዬ?»

«ቀይ አታድርጊው።»

በሐምራዊ ወደቀ።

ጥቅምት 6

ሥራ አስኪያጁ አባዬን ሠራተኛ ፊት ሰድቦታል። ሰውዬውን ሁሉም «አቶ ፐርሰንት» ነው የሚለው። ሚስቱን ራሱ «ደህና አደርሽ?» ሲላት «ስንት በመቶ?» ብሎ ሳይጨምር አይቀርም።

ወሬውን ያመጣችልን አክስቴ ናት፣ የአባዬ ታላቅ እህት። አብራን ነው የምትኖረው፤ አርባ አንድ ቁጥር ማሽን ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። አባዬን ትምህርት ቤት ልካ ያስተማረችው በዚያ ማሽን ደመወዝ ነው። ይህንንም በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከምግብ በኋላ፣ እንደ መድኃኒት ታስታውሰዋለች። ዛሬ እራት ላይ ሻርፗን በራሷ ላይ እንደ መላጣ ወጥራ አቶ ፐርሰንትን ሆነች።

«"ስድሳ ሁለት! ስድሳ ሁለት በመቶ ትኩሳት ቢሆን ሰው ይሞታል!" አለው ወንድሜን። ይሄም እንደ በግ "እሺ ጌታዬ" ይላል።»

«እታለም፣ ይብቃሽ» አለ አባዬ።

ዝም ማለት እችል ነበር። አልቻልኩም። «የኛ ክፍል አማካይ ውጤት እንዴት ከፍ እንዳለ ታውቃላችሁ?» አልኩ። «ርእሰ መምህሩ ከፈተናው በፊት ዘጠኙን ሰነፎች ወደ ሌላ ክፍል አዛወራቸው። በማግስቱ ሁላችንም ጎበዝ ሆንን! እናንተስ ሬሳዎቹን ለምን አትቀብሯቸውም? ሬሳ ጨምራችሁ ቆጥራችሁ "ከስድሳው ስንቱ ሮጠ?" ትላላችሁ።»

አክስቴ ስትስቅ ውሃው ትን አላት። እማዬ ጀርባዋን እየደበደበች፣ «ይሄ ምላስሽ አንድ ቀን ቤት ያፈርሳል» አለችኝ። አባዬ አልሳቀም። ማንኪያው አፉ አጠገብ ደርሶ ቆመ። እዚያው ቆየ።

ጥቅምት 9

ተናድጃለሁ። አሳጥሬ እጽፋለሁ።

ከትምህርት ቤት ስለቀረሁበት ቀን የተላከውን ደብዳቤ በአባዬ ስም ፈርሜ ነበር። ፊርማው፣ ሳላጋንን፣ ከአባዬ ፊርማ ይበልጥ አባዬን ይመስላል። አክስቴ ፍራሽ ስትገለብጥ አግኝታው ወደ እማዬ በረረች። ስልኬ ለአንድ ወር ተወሰደ።

አሮጊት ሬዲዮ! የማይዘጋ ሬዲዮ!

ጥቅምት 10

ቀልዴ ሥራ አገኘ።

አባዬ «የሞቱትን ማሽኖች ከአቅም ስሌት ብናወጣቸውስ?» ብሎ አቶ ፐርሰንትን ሲጠይቀው ሰውዬው ከወንበሩ ተነስቶ ግንባሩን ሳመው አሉ። የማን ሐሳብ እንደሆነ አልተጠየቀም፤ አባዬም አልተናገረም። የትልቅ ሰው ምስጋና እንዲህ ነው።

ብቻ አቶ ፐርሰንት ከዘጠና አምስት በታች አልፈልግም አለ። አባዬ ቢያሰላው ሃያ ሁለት ማሽን መሰረዝ አለበት። የሞቱት አሥራ ሰባት። ክፉኛ የሚያስሉት አራት። ሃያ አንድ። አንድ ጎደለ።

ዝርዝሩን በንጹሕ የምገለብጠው እኔ ነኝ፤ የቢሮው ጸሐፊ የአባዬን ጽሑፍ ከማነብ ዶሮ የጫረችውን ባነብ ይሻለኛል ትላለች። መጨረሻው ላይ ስደርስ ቀና አልኩ።

«ሃያ ሁለተኛው የቱ ነው?»

«ከሠላሳ ዘጠኝ፣ ከአርባ አንድና ከአርባ አራት አንዱን ጻፊ። ሦስቱም ያው ናቸው።» ዓይኑን እያሸ ነበር። «ወረቀት ላይ ነው እንጂ ማንም አይነካቸውም።»

አርባ አንድ ብዬ ጻፍኩ። ቆንጆ አድርጌ፤ የአራቱን ጭራ እንኳ ጠምዘዝ አድርጌ።

አባዬ አንብቦ ፈረመበት። እኔ ግን መኝታ ቤት ገብቼ ትራሴን ነክሼ ሳቅኩ። ሬዲዮዋን ዘጋኋት! ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ማንም አይነካቸውም ብሏል።

ጥቅምት 12

ፈተና። ስልክ የለም።

አክስቴ ለእማዬ፣ «መልሺላት ባክሽ፣ ልጅ ናት» ስትላት ሰማሁ። እሳቱን ለኩሳ ውሃ ይዛ ትሮጣለች። እማዬ እንቢ አለች። አክስቴ በኋላ ብርቱካን ልጣ አመጣችልኝ። በላሁት። ይቅር አላልኳትም፤ ብርቱካኑ ምን አጠፋ?

ኅዳር 4

ዘጠና ሰባት በመቶ!

የጥቅምት ምርት ሠላሳ ሰባት ሺህ። የመስከረም ምርት ሠላሳ ሰባት ሺህ። አንዲት ፎጣ አልተጨመረችም። መስመሩ ግን ከሥር ተነስቶ ወረቀቱን ሊወጣ ደረሰ፤ አባዬ «አሁን ቀይ አድርጊው» አለኝ።

ከዋናው መሥሪያ ቤት የምስጋና ደብዳቤ መጣ። አቶ ፐርሰንት በር ላይ ባለው ሰሌዳ ለጠፈው፤ ለአባዬም የሚሽከረከር ወንበር ሰጠው። እማዬ፣ «ተሽከርክረህ ተሽከርክረህ ዞሮብህ እንዳትመጣ» አለችው። አክስቴ ደግሞ እራት ላይ ደረቷን ነፍታ፣ «የኔዋ አርባ አንድም ድርሻ አላት! ባለፈው ወር ግማሹን ቀን እንጂ ሙሉውን አልተኛችም» አለች።

አባዬ ሳህኑን አየ። እኔም ሳህኔን አየሁ። ሳህን ብዙ የሚታይ ነገር የለውም።

ኅዳር 19

ከትምህርት ቤት ስመለስ የአባዬን መነጽር ላደርስ ፋብሪካ ገባሁ። ማሽን ክፍሉ ውስጥ ሰው ሲናገር አፉ ብቻ ነው የሚታየው፤ ድምፁን ማሽኖቹ ይበሉታል። የጥጥ ብናኝ ቅንድብ ላይ ያርፋል፤ የሃያ ዓመቱ ልጅም ሽማግሌ ይመስላል።

አቶ ፐርሰንት «መቶ ከገባን ሁላችሁንም ፎቶ አስነስቼ ሰሌዳው ላይ እለጥፋችኋለሁ» ብሏል። እዩልኝ ለፎቶ! የሚያስሉት ማሽኖች ሳይቀሩ ሙሉ ቀን እየተነዱ ነው። አክስቴ የአርባ አንድን ጎን በጫማዋ ተረከዝ ሁለት ጊዜ ትመታለች፤ ከዚያ እጀታውን ትስባለች፤ ማሽኑ ያጉረመርማል፣ ያስነጥሳል፣ ይነሳል።

ጆሮዬ ላይ ጮኸች። «ታውቂያለሽ ምን እላታለሁ? "ተነሽ፣ እኔም አርጅቻለሁ፣ እኔም ተነስቻለሁ።"»

ሬሳዋ ትሮጣለች። ለሷ ልነግራት የማልችለው ምርጥ ቀልድ ነበር። ዋጥኩት።

ታኅሣሥ 4

መቶ ሦስት።

አባዬ ሦስት ጊዜ ደመረው። የኅዳር ምርት ሠላሳ ዘጠኝ ሺህ አንድ መቶ። አቅማችን ሠላሳ ስምንት ሺህ። ከመቶ መቶ ሦስት።

«አባዬ፣ ከመቶ መቶ ሦስት ያመጣ ተማሪ እኮ አይሸለምም፣ ቢሮ ይጠራል» አልኩት።

«ዝም በይ!» ጮኾብኝ አያውቅም ነበር።

የተሰረዙት አምስት የሚያስሉ ማሽኖች ናቸው ነገሩን ያመጡት። አባዬ ከአቅሙ ሲያወጣቸው ፎጣቸውን ከምርቱ ማውጣት ረስቷል። የሌሉ ማሽኖች ያሉ ፎጣዎች ሠሩ። አባዬ መቶ ብለን እንጻፍ ብሎ ለመነ። አቶ ፐርሰንት «የሠራነውን ምን ያስደብቀናል?» ብሎ መቶ ሦስቱን ላከ። ካፈርኩ አይመልሰኝ።

ታኅሣሥ 6

ተደወለ። «ከአቅማችሁ በላይ እንዴት አመረታችሁ? መርማሪ እንልካለን።»

አባዬና እማዬ በር ዘግተው ሲያወሩ ሰማሁ። በራችን ቀጭን ነው፤ ጥፋቱ የኔ አይደለም።

«ወይ አምስቱ ይሠራሉ ብለን እናምናለን፣ ያኔ እሱም እኔም እንባረራለን። ወይ...»

«ወይ ምን?»

«ሞተዋል ብለናል። ሞተዋል።»

«እህትህስ?»

«ሌላ ቦታ ይፈለግላታል።»

«የሌላ ሰው ልጆችን ያስተማረ ማሽን ነው አልልህም፤ አንተን ነው ያስተማረህ።»

እኔ ምንም አልሰማሁም።

ታኅሣሥ 7

ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። «ማሽኖቻቸው ከአገልግሎት ውጭ ስለሆኑ የሥራ መደባቸው የተሰረዘ።» አምስት ስም። የአክስቴ ሦስተኛ።

ከወንድሟ አፍ ሳይሆን ከሰሌዳ ሰማች። ለዚያውም ሙገሳ መስሏት መነጽሯን አድርጋ ቀርባ ነው ያነበበችው። ፎቶ የሚነሱት ስም መስሏት።

ታኅሣሥ 8

ዛሬ የሆነውን እንዳለ ልጻፍ።

አክስቴ ሳሎን መሐል ቆማ ነበር፤ አልተቀመጠችም። «እስከ ትናንት ስትሠራ የነበረችን ማሽን ዛሬ ሞተች ያላት ማነው?» አለች።

«ውሳኔው የአስተዳደሩ ነው እታለም።»

«አስተዳደር አርባ አንድን ከአርባ አራት አይለይም። ብሎንን ጠይቄዋለሁ።» ብሎን የፋብሪካው መካኒክ ነው። «"ዝርዝሩ ከወንድምሽ ቢሮ ወጣ" አለኝ። ሠላሳ ዘጠኝ ከኔዋ ትብሳለች፤ እሷ አለች። አርባ አራት ከኔዋ ትብሳለች፤ እሷም አለች። ቁጥሩን የጻፈው ማነው?»

አባዬ ወደኔ አላየም። ላለማየት አንገቱን እንደ ተቀጨ ሰው አድርጎ ያዘው።

«እኔ ነኝ» አለ።

አክስቴ ራሷን ነቀነቀች፤ ቀስ ብላ፣ ብዙ ጊዜ። «እጄን የበላው ማግ አንተን ፊደል አስቆጠረ። አንተ በፊደሉ እኔን ሰረዝከኝ።»

አፌን ከፈትኩ። በቀን መቶ ጊዜ ሳይጠሩት የሚመጣው ምላሴ ዛሬ የት ሄደ? እማዬ «አንቺ ልጅ፣ ገብተሽ አጥኚ» አለችኝ። ገባሁ። እናቴን ታዝዤ ነው የገባሁት። እናትን መታዘዝ ጥሩ ነው።

ታኅሣሥ 12

አክስቴና አባዬ አይነጋገሩም። እሱ ሲገባ ትወጣለች፤ ምግቧን ቆማ ነው የምትበላው።

ዛሬ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ጽሑፍሽ ቆንጆ ነው። ማመልከቻ ጻፊልኝ፣ ለዋናው መሥሪያ ቤት።»

ጻፍኩ። እሷ ትላለች፣ እኔ እጽፋለሁ። «ማሽኔ በሕይወት አለች። የሚመጣው ሰው ይምጣና እጀታዋን ይሳብ። ካልተነሳች ውሸታም በሉኝ።» እዚህ ላይ ቆመች። ከዚያ፣ «ጻፊ» አለች፣ «አርባ አንድን ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባው የገዛ ወንድሜ ነው።»

እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ።

«ይሄን እንኳ ተይው አክስቴ።»

«ጻፊ አልኩ። አባትሽ መሆኑን አውቃለሁ። እውነት ግን እውነት ነው።»

ጻፍኩት። አራትንም ጠምዘዝ ሳላደርግ።

ታኅሣሥ 15

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። የአቶ ፐርሰንት ራስና የኔ አፍ።

አባዬ ብቻውን ተቀምጦ ነበር፤ ጢሙን ካልተላጨ አራተኛ ቀኑ ነው። አሳዘነኝ። ላጽናናው ብዬ ነው፣ እምላለሁ፣ ላጽናናው ብዬ፦ «አታስብ አባዬ፣ መርማሪው ሲመጣ አርባ አንድን ማስነሳቱ አይቀርም። አክስቴ ጽፋለች። ስትነሳ ያዩዋታል፤ አክስቴም ትመለሳለች፤ ነገሩም ያልቃል።»

«መቼ ጻፈች?»

ነገርኩት። ተነሳና ኮቱን ለበሰ። እሑድ ነው ዛሬ። እሑድ ኮት ለብሶ የት ይሄዳል?

ታኅሣሥ 25

መርማሪው መጣ። ወጣት ነው፤ ጫማው ያብረቀርቃል፤ ሁሉንም «አንቱ» ይላል። አባዬ አዲሱን ግራፍ ይዤ እንድመጣ አዝዞኝ ስለነበር ማሽን ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። ግራፉ ትልቅ ነው፤ አንዱን ጫፍ እሱ ይዞታል፣ ሌላውን እኔ።

ማሽኖቹን ሁሉ አጠፏቸው። ያን ያህል ጸጥታ እዚያ ቤት ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። አክስቴ የሥራ ካፖርቷን አጥባ፣ ተኩሳ ለብሳለች። እንደ ሙሽራ እናት ቀጥ ብላ ሄደች።

«እስቲ ያስነሷት» አላት መርማሪው።

በተረከዟ ሁለት ጊዜ መታች። እጀታውን ሳበች። ምንም።

«ቀዝቅዛ ነው፣ ሦስት ሳምንት ሊሞላት ነው» አለች። መታች። ሳበች። ምንም። አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ፎቶ ለመነሳት አብረዋት ሲሮጡ የነበሩት ናቸው።

አቶ ፐርሰንት ሰዓቱን አየ። «እማማ ሬሳ እየቀሰቀሱ ነው።» ሳቁ ጨመረ።

አክስቴ በሦስተኛው ጎንበስ ብላ ከሥር አየች። ከሞተሩ የሚያያይዛት ቀበቶ፣ ቺንጊያው፣ የለም። የማርሹ ጥርስ የለም። ሞተሩ የነበረበት ቦታ ላይ አራት ቀዳዳ ብቻ፤ ዙሪያው አዲስ ቅባት።

«ሆድ ዕቃዋን አውጥተዋታል» አለች፤ ለማንም አይደለም።

መርማሪው ወደ መካኒኩ ዞረ። «መቼ ነው የወጣው?»

ብሎን ጣሪያውን አየ። «ድሮ።»

መርማሪው ጻፈ። ሪፖርቱ ትክክል ነው፤ ማሽኑ አገልግሎት አይሰጥም፤ አመልካቿ ሐሰት ተናግረዋል። መቶ ሦስቱ ደግሞ የድምር ስህተት ተባለ፤ አቶ ፐርሰንት ለመርማሪው ስድስት ፎጣ አስጠቀለለለት።

ግራፉን ቀና ስል አባዬን አየሁት። እሱ ግራፉን ያያል። አንዳችንም ጫፋችንን አልለቀቅንም።

ታኅሣሥ 28

አክስቴ ሄደች። ሌላ ከተማ ያለች የአጎቷ ልጅ ጋ ነው። አባዬ ሥራ ነበረው፤ ዛሬ ቅዳሜ ቢሆንም ሥራ ነበረው። እማዬ በር ላይ አልቅሳ ቀረች። ሻንጣውን እኔ ይዤላት እስከ አውቶቡስ መናኸሪያው ሄድን።

መንገዱን ሁሉ ስትቀልድ ነበር። «ያ ጫማው የሚያብረቀርቀው እኮ ወደ ማሽኗ ሲጠጋ የረገጠው ዘይት ነው፤ ቤቱ ሲገባ ምንጣፉ ይነግረዋል» አለች። ብቻዋን ሳቀች።

ወረፋ ላይ ቆመን ነገርኳት። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም።

«አክስቴ፣ አርባ አንድን የመረጥኩት እኔ ነኝ።»

«ምን አልሽ?»

«አባዬ አይደለም። ከሦስቱ አንዱን ጻፊ አለኝ። በስልኬ ተናድጄብሽ ነበር። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ማመልከቻ ማስገባትሽንም ለአባዬ የነገርኩት እኔ ነኝ።»

አየችኝ። ፊቷ ሲለወጥ ጠበቅኩ። በጥፊ ብትለኝ፣ ሰው ፊት ብትሰድበኝ፣ ሻንጣውን ነጥቃኝ ብትሄድ። ፊቷ ተለወጠ፤ እንባ ሞላው፤ ሁለቱን ጉንጮቼን በሻካራ እጆቿ ያዘች።

«አየሽ አንቺን? አባትሽን ለማዳን ብለሽ የሰውን ኃጢአት ትሸከሚያለሽ!»

«እውነቴን ነው!»

«እሱ ራሱ "እኔ ነኝ" ሲል እዚያው ነበርሽ።»

«ለኔ ብሎ ነው! አክስቴ፣ እምልልሻለሁ፣ በእማዬ ሞት...»

«በእናትሽ አትማይ!» አፌን በመዳፏ ከደነችው። «ሁለተኛ እንዳትደግሚው። ቀልደኛ ነሽ፤ ምላሳም ነሽ፤ ፊርማም ትሰርቂያለሽ። ክፉ ግን አይደለሽም። ከዚያ ቤት ይዤ የምሄደው ሰው አንቺን ብቻ ነው።»

ግንባሬን ሳመችኝ። ሦስት ጊዜ ሳመችኝ። ወረፋው ገፋን፤ ሻንጣውን ወሰደችና ወጣች።

በመስኮቱ በኩል እጇን አወዛወዘች። መስታወቱን መታሁት፤ «እኔ ነኝ!» አልኩ፤ ሞተሩ ተነሳ። አጠገቧ ወደተቀመጠችው ሴት ዞራ በጣቷ እኔን እያሳየች ረጅም ነገር ታወራላታለች። ሴትየዋ ጎንበስ ብላ አየችኝ። ከዚያ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ እንደሚያከብሩት ሰው፣ ፈገግ አለችልኝ።